በየደጃፋቸው ያነሳኋቸው

«አንቺ ያነሳሽው ሰው አይከርምም።»

እንዲህ ያሉኝ ከቤታችን ፊት ለፊት ከሰል ይሸጡ የነበሩት እትዬ ናቸው። ያሉኝም ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ ንፍሮ በሰሃን ይዤላቸው ጎንበስ እንዳልኩ ነው። በሹክሹክታ ቢሆን ደግ ነበር። አጠገባቸው የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ሰምተው ንፍሯቸውን መቆርጠም አቆሙ። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ አላለፍኩም።

«እትዬ፣ እርስዎንም እኮ አንስቼዎታለሁ» አልኳቸው።

«ታዲያ እኔስ አለሁ ልትዪኝ ነው?» አሉና ሰሃኑን ተቀበሉኝ።

ሴትዮዋ ከመሬት ተነስተው አልነበረም የተናገሩት። ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻማው አጠገብ የቆመው የሟቹ ፎቶ እኔ ያነሳሁት ነው። ከዚያ በፊት በደረስንበት ለቅሶም የቆመው የኔ ነበር። ከዚያም በፊት።

ካሜራዋን የገዛኋት ፒያሳ፣ አሮጌ ሬዲዮና ቻርጀር ከሚሸጥ ሰውዬ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ቀኑን ሙሉ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ አባዛ ነበር። እኔ ያልገባሁበትን ዩኒቨርሲቲ ወረቀት እየጠረዝኩ ለሌላው ማስረከብ አንገሸገሸኝ። አንድ ነገር የራሴ ይሁን አልኩ። ሰውዬው ትልልቆቹን ካሜራዎች እንድነካቸው እንኳ አልፈቀደልኝም። «ጀማሪ አይደለሽ? ላንቺ ይቺ ትበቃሻለች» ብሎ ከመደርደሪያው ሥር አንዷን አወጣ። ከገላ ሳሙና አትበልጥም። ብርማ ነች፤ ጥግ ጥጓ ተልጧል። ስትከፈት ሌንሷ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይላል። የምትሠራው በትንንሹ የሬዲዮ ድንጋይ ነው፤ ሁለት ድንጋይ ትጎርስና አንድ ሰርግ ሳታደርስ ትደክማለች። ፍላሿ ደግሞ ጠይሙንም ቀዩንም ዱቄት የተነፋበት ያስመስለዋል።

የመጀመሪያውን ፎቶ ያሳየሁት ለአባዬ ነበር። አባዬ ዕድሜውን በሙሉ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ማኪያቶ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ባለማኪያቶው ነው የሚለው። ፎቶውን ራቅ አድርጎ፣ ቀረብ አድርጎ አየውና «አረፋው በዛ» አለኝ።

በካሜራዋ ገንዘብ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ምርቃት ሲሆን ስድስት ኪሎ በር ላይ ቆምኩ። ተመራቂዎቹ ካባቸውን እየጎተቱ ባጠገቤ ያልፋሉ። የያዙት ስልክ ከኔ ካሜራ ይበልጣል። አንዱ ቆም ብሎ አየኝና «እማ፣ ይቺን ከሙዚየም ነው የሰረቅሻት?» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። «አንተንም እዚያው ነበር ያየሁህ» ብዬ መለስኩለት፤ እነሱ ግን ይበልጥ ሳቁና ሄዱ። ያን ቀን አንድ ሰው አላነሳሁም።

ሥራ የሰጠኝ ቀለሙ ነው። ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ውስጥ በየቤቱ በር ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ። ቀይ የተቀባ ይፈርሳል። ሰዉ መጀመሪያ አለቀሰ፣ ቀጥሎ ቀበሌ ተመላለሰ፣ መጨረሻ ላይ እኔን ጠራኝ። «ሳይፈርስ ደጃፌ ላይ አንሺኝ» የማይለኝ ትልቅ ሰው አልነበረም። ስልክ ያለው ልጅማ በየቤቱ አለ። ግን ስልክ ያነሳውን ማን ያሳጥባል? ስልኩ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ በተነጠቀ ቀን አያትም አብራ ተነጠቀች ማለት ነው። እነሱ የሚፈልጉት በእጅ የሚያዝ፣ በሻንጣ ሥር የሚቀመጥ ወረቀት ነው።

አንዱ ሽማግሌ ነገ የማይኖረውን በር ቁልፍ በእጃቸው ይዘው ቆሙ። አንዲት እናት ከቧንቧው አጠገብ ካልሆነ አልነሳም አሉ። እትዬም የከሰል ማዳበሪያቸውን ከኋላቸው ደርድረው፣ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ ጥፍራቸው ሥር የቀረውን ጥቁር እንዳይታይ በነጠላቸው ሸፍነው ተነሱ። አንዳንዶቹ ደግሞ በግልጽ ነው የሚነግሩኝ። «ለለቅሶዬ የምትሆን አድርጊልኝ። ጥርሴን አታውጪው።» እኔም ጥርሳቸውን አላወጣሁም።

ከዚያ ዶዘሩ መጣ። ሰዉ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ተሰጠውና እቃውን በአይሱዙ ጭኖ ሄደ። ዕድሜውን መሬት ላይ የኖረ ሰው አራተኛ ፎቅ ተሰቀለ። ውሃ የሚመጣው ታች ነው። የሚታከምበት ጤና ጣቢያ ሦስት ታክሲ ራቀው። እትዬ ከሰል ይዘው ሄደው ነበር፤ ፎቅ ላይ ማን ከሰል ያነዳል? ደጃፍ የሚባል ነገር ስለሌለ ደጃፍ ላይ የሚቀመጥ ጎረቤትም የለም። በር አለ፤ ይዘጋል። ሽማግሌዎቹ መርገፍ የጀመሩት ያኔ ነው።

አንዱ በሞተ ቁጥር ልጆቹ እኔ ያነሳሁትን ይዘው ፒያሳ ፎቶ ቤት ይሄዳሉ፣ ለድንኳኑ ለማሳደግ። ፎቶ ቤቱ ማሳደግ ብቻ አያውቅም። ደጃፉን ቆርጦ ይጥለዋል። ከኋላ ሰማያዊ ሰማይ ይለጥፋል። ወንድ ከሆነ ሱፍና ከረባት ያለብሰዋል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው አንድ ሱፍ ነው፤ ጥቁር፣ ከረባቱ ቀይ። የሰፈራችን ወንዶች በሙሉ በዚያ በአንድ ሱፍ ሞቱ። ባለ ፎቶ ቤቱን አንዴ ተናድጄ ጠየቅኩት።

«እኚህ ሰውዬ እኮ ጫማ ሰፊ ነበሩ። ሱፉን ከየት አመጣህላቸው?»

«ቤተሰቡ ነው የሚፈልገው» አለኝ ቀና ሳይል። «ሹራብ ለብሶ ማን ይቀበራል?»

እንግዲህ እትዬ ያንን ንግግር የተናገሩት በዚህ ሁሉ መሃል ነው። እማዬ ድንኳኑ ውስጥ ነበረች። ሰምታለች። ቤት እንደገባን ነጠላዋን ሳታወልቅ ያዘችኝ።

«እውነት ነው?»

«ምኑ?»

«እትዬ ያሉት።»

«እማዬ፣ የገደላቸው ደረጃው ነው። አብረን አልወጣነውም እንዴ? አንቺ ራስሽ ሁለተኛው ላይ ቁጭ ብለሽ አረፍሽ።»

«አፍሽን ያዢ። አባትሽን እንዳታነሺው። በሞቴ! ሰምተሻል? በሞቴ!»

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን በጠርሙስ ጠበል ይዛ መጣች። ካሜራዬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ እያማተበች፣ እንደ ታመመ ሕፃን ረጨቻት። ጮህኩ። ምንም አልሰማችኝም። ካሜራዋ ለቀናት አልከፈት አለች። ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ድንጋይ ቀያይሬ፣ መታ መታ አድርጌ አነቃኋት። ፍላሿ ግን ከዚያ ወዲህ በርቶ አያውቅም። እማዬ አሮጌ ነጠላ ቀዳ በቁራጩ ቋጠረቻትና ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለቻት።

እሺ ያልኩት ፈርቼ አይደለም። አባዬ ታሞ ስለነበር ነው።

የኛ ቤት ያለበት ረድፍ እስከ መጨረሻው አልፈረሰም ነበር፤ ኬክ ቤቱ ግን ቀድሞን ፈረሰ። ማሽኑ ከባንኮኒው ተነቅሎ መኪና ላይ ሲጫን አባዬ መንገድ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ያን ቀን ካሜራዬን ይዤ ሄጃለሁ። አንዴ ቁልፏን እንደተጫንኩ ጥበቃው ከወዲያ ማዶ መጣብኝ። «አንቺ! ማንሳት ክልክል ነው። አጥፊው!» አጠገቤ ቆሞ እስካጠፋው ድረስ አልሄደም። እዚያ ፎቶ ውስጥ አባዬ ነበረበት፣ በጀርባው። ከዚያ በፊት አንስቼው አላውቅም፤ ሁሌ ያለ ሰው ነዋ፤ ሁሌ ያለን ሰው ማን ያነሳል? ሠፈሩን በሙሉ ደጃፍ ለደጃፍ ስዞር እሱን ወደ ኋላ አቆየሁት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ተቀመጠ። እግሩ ማበጥ ጀመረ። ልብ ነው አሉን። ጋደም ሲል ስለሚያፍነው ትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሎ ያድራል። እኔ ማታ ማታ አየዋለሁ፤ ፊቱን አየዋለሁ። የሰርጋቸው ፎቶ ጣሪያው ባፈሰሰበት ክረምት ተበላሽቷል። ቤት ውስጥ የአባዬ ፊት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጎረምሳ ሆኖ ያወጣው የቀበሌ መታወቂያ ላይ። ቢሞት ጠረጴዛው ላይ የምናቆመው የለንም። ይህንን ማሰብ ከሞቱ የባሰ ያብከነክነኝ ነበር ብል ሰው ይታዘበኛል። ይታዘበኝ።

አንድ እሑድ ጧት እማዬ ቅዳሴ ሄዳለች።

«ያቺን ነገር አውርጃት» አለኝ አባዬ።

«የቷን?»

«ገዳይዋን።»

«እማዬ በሞቴ ብላኛለች አባዬ።»

«እኔ አላልኩም።» ትንፋሹን ሰብስቦ ጨመረ። «ሐኪሙ የነገረኝን ለሐኪሙ የነገረው ካሜራሽ አይደለም። አውርጃት።»

ወንበር ላይ ቆሜ አወረድኳት። ቋጠሮውን ፈታሁት። አባዬን ወደ መስኮቱ ጠጋ አደረግሁት። ፀጉሩን ላበጥር ስል እጄን መለሰው።

«ፎጣዬን አምጪ።»

ስኒ የሚወለውልባትን ነጭ ፎጣ ነው። ከሥራ የቀረችው እሷ ብቻ ነች። ግራ ትከሻው ላይ ጣል አደረጋት፤ ከባንኮኒው ጀርባ ዘወትር እንደሚያደርጋት።

«ፍላሽ የላትም» አልኩት።

«ይሻላል። አረፋ አይብዛ።»

ከዚያ ቀና አለና «እንዴት ልሁን?» አለኝ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ነው። ለሌላው ሁሉ መልስ ነበረኝ።

«ማኪያቶ እንዳዘዘህ ሰው እየኝ።»

«ጠቆር ያለ ነው ነጣ ያለ?»

ሊስቅ ሲል ያዝኩት። አንድ ነው ያነሳሁት። ድንጋዩ ደግሞ አላስነሳ አለኝ፤ ሌንሱ ሲጥ ብሎ ገባ። አሳዪኝ አላለኝም። «እነዚያ ፎቶ ቤቶች ከረባት እንዳያስሩብኝ» አለ። «ላንገቴ እንግዳ ነው። እናትሽ ደግሞ አሁን እንዳታይ። ስሞት ታሳዪያታለሽ።» እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረው፤ የቤት ኪራይ እንደሚከፈል፣ ዳቦ እንደሚገዛ። ፎጣዋን አጥፎ መለሰልኝ። ካሜራዋን ቋጥሬ ቦታዋ ላይ አስቀመጥኳት።

ክረምቱ ገባ። አባዬ ክረምቱን አልጨረሰውም።

ድንኳን ተጣለ። ከእድሩ የቀረው ግማሹ ነው፤ ጡሩምባ ነፊው ራሱ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። የወንበሩ ቁጥር ከሰዉ ይበልጣል። ቀብር ሳንወጣ የአባዬ ዘመድ የሆኑ አንድ ሰውዬ እማዬን «ፎቶው የታለ?» አሏት።

«ፎቶ የለውም» አለች። «መታወቂያው አለ።»

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቁም ሳጥኑ ከሷ ጀርባ ነው፤ ቋጠሮው ይታየኛል። ካወጣሁት እማዬ ፊቱን አይደለም የምታየው። የምታየው ያነሳሁበትን እሑድና የሞተበትን ቀን ነው። እትዬ ያሉትን ነው የምትሰማው። አባቷን ገደለችው ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ከምታየኝ ጎረምሳው አባዬ ጠረጴዛ ላይ ይቁም አልኩ። እሱ ግን ስሞት አሳዪያት ብሎኝ ነበር። እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ዝም አልኩ።

መታወቂያው ፒያሳ ሄደ። ከቀብር ስንመለስ አድጎ፣ በፍሬም ሆኖ መጣ። ጥቁር ሱፍ፣ ቀይ ከረባት፣ ሰማያዊ ሰማይ። ከከረባቱ በላይ ያለው ደግሞ ወንድሜ ነበር። ወንድሜ ቁርጥ አባቱን ነው፤ ያ ቀጭን ጢም፣ ያ ጠመም ያለ ቅንድብ። ደቡብ አፍሪካ የሰው ሱቅ ውስጥ ይሠራል። መምጣት ስላልቻለ ያን ዕለት ጧት ደውሎ በስልክ ሲያለቅስ ነበር። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። ሻማ አበሩለት።

ከሰዓት በኋላ ከየኮንዶሚኒየሙ የሚመጡት መድረስ ጀመሩ። አብዛኞቹ ካየናቸው ዓመት ያለፋቸው ናቸው። የአባዬን መታመም እንኳ ብዙዎቹ አልሰሙም። በስልክ መርዶ አይነገር፤ የተባባሉት «እነ ባለማኪያቶው ቤት ድንኳን ተጥሏል» ብቻ ነው። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም። ሰው ደርሶ ያያል።

እትዬ ከፊት ሆነው ገቡ። በዱላ ነበር የሚሄዱት። ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ ፎቶውን አዩ፣ ዱላው ከእጃቸው ወደቀ።

«ውይ ልጄን! ውይ የኔ ጎረምሳ! በጀርባዬ ያዘልኩህ! በሰው አገር በሉህ አይደል? ውይ ልጄን!»

ከኋላቸው ያሉት ሴቶች ሁሉ ተቀበሏቸው። ደረት ተደቃ። አንዷ ስሙን እየጠራች መሬት ላይ ወደቀች፤ የወንድሜን ስም። ወንዶቹ ጭንቅላታቸውን ያዙ። ቤቱ ለአባዬ ያን ያህል አላለቀሰም ነበር።

እማዬ ከፍራሽዋ ላይ ተነሳች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሷ ሰምቼ አላውቅም።

«ዝም በሉ! ኧረ በማርያም ዝም በሉ! ልጄ አለ! ዛሬ ጧት ደውሏል! ልጄ አለ!»

ለቅሶው እንደተቆረጠ ገመድ ቀጥ አለ። እትዬ ጉልበታቸው ላይ እንዳሉ ወደ እማዬ ዞሩ።

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

 መልስ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

«አባዬ ነው፣ እትዬ።»

«ባለማኪያቶው?»

«አዎ።»

እትዬ እንደገና ፎቶውን አዩት፣ ቀስ ብለው፣ ከላይ እስከ ታች።

«እሱ ከረባት ነበረው እንዴ?»

አንድ ሰው ከኋላ ሊስቅ ሲል ሳል አደረገው። እማዬ ጠረጴዛው ጋ ሄደች፣ ፍሬሙን አነሳች፣ በፊቱ ደፋችው። ሻማውን በትንፋሽዋ አጠፋች። ከዚያ ማንንም ሳታይ ወደ ቤት ገባች። ተከተልኳት።

አልጋው ጫፍ ላይ፣ አባዬ ትራስ ይደገፍበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠች።

«ልጄን በቁሙ አስለቀስኩበት» አለች። ደግማ አለችው። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ውጭ እትዬ በዝቅተኛ ድምፅ፣ እንደ አዲስ፣ አባዬን ማልቀስ ጀምረዋል።

«አውርጃት» አለች እማዬ።

«ምኗን?»

«እኔ ነጠላ እንደዚያ አልቋጥርም። ያኔውኑ ነው ያወቅሁት፣ እሑዱን።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

«አውርጃት አልኩሽ።»

አወረድኳት። ድንጋይ አልነበራትም። ሬዲዮው ለቅሶ ቤት አይከፈትም ብዬ ከጀርባው ፈልቅቄ አወጣሁና ከተትኩላት። ሌንሱ ሲጥ ሲል እማዬ ደንገጥ አለች። ፎቶውን ከፍቼ ሰጠኋት።

ብዙ ጊዜ ያዘችው። በአውራ ጣቷ መስተዋቱን ስትጠርገው ቁልፉን እየነካች ፎቶው ስለሚጠፋባት ደጋግማ ትሰጠኛለች፣ ደጋግሜ እከፍትላታለሁ።

«ፎጣዋን ማን ሰጠው?»

«ራሱ ነው አምጪ ያለኝ።»

«ምን ብለሽው ነው እንዲህ ያየሽ?»

«ማኪያቶ እንዳዘዘህ ሰው እየኝ አልኩት።»

«እህ» አለች። ካሜራዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና እጄ ላይ አስቀመጠቻት።

«አሁኑኑ ሂጂ፣ ፎቶ ቤቱ ሳይዘጋ። ከረባት እንዳያደርጉበት።»

ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ለቅሶው ቀዝቀዝ ብሏል። ፍሬሙ እንደተደፋ ነው። እትዬ እጄ ላይ ያለችውን አዩና እግራቸውን ሰብስበው አሳለፉኝ። ያካፋል። ካሜራዋን ብብቴ ሥር ከትቼ ወደ ፒያሳ ወጣሁ።